አንዲት ኖታ፣ ሁለት ቴነሮች፦ የዢልቤር ዱፕሬ የመድረክና የመምህርነት ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ድምፅ የሚያሠለጥን ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አለ፦ ከፍ ያለውን ኖታ ሳላቀጥነው፣ በሙሉ ድምፄ እንዴት ላውጣው? ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚወዱትን ዘፋኝ ሰምተው፣ ያንኑ ድምፅ ከራሳቸው ጉሮሮ ለማውጣት ቆርጠው የመጡ ወጣቶች ናቸው። በመዘምራን ልምምድ ላይ ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ፈረንሳዊ ነው። በወጣትነቱ የኦፔራ ዘፋኝ፣ በኋላም የድምፅ መምህር ነበር። ስሙ ዢልቤር ዱፕሬ ነው፤ በ1806 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ፣ በ1896 ሞተ።

የዱፕሬ ነገር ሲወራ የሚነሣው አንዲት ኖታ ብቻ ናት፤ በደረት ድምፅ ያወጣት ከፍተኛዋ ዶ። ከእሷ በፊት ያገኘው ትምህርትና ከእሷ በኋላ ያስተማረባቸው ዓመታት እየተዘለሉ ይታለፋሉ። ለአሠልጣኝም ሆነ ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የተዘለለው ክፍል ይመስለኛል። ደግሞም የእሱ ታሪክ ለብቻው አይቆምም፤ ያንኑ ኖታ ተከትሎ የጠፋ የሌላ ቴነር (ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ ዘፋኝ)፣ የአዶልፍ ኑሪ፣ ታሪክ አብሮት አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ለተማሪ መንገር አልፈልግም።

በጉዳይ ጥናት የሰው ስም አለመጥራት የተለመደ ነው። እዚህ ስማቸውን የጠራኋቸው ከረጅም ዘመን በፊት ያለፉና በሙዚቃ ታሪክ የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ ሌሎቹን በሥራቸው ብቻ ጠቅሻለሁ። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው፦ ትንሽ ድምፅ፣ ጥልቅ ትምህርት

ዱፕሬ በልጅነቱ የገባው አሌክሳንድር ሾሮን ወደሚመራው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበር። ሾሮን የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃን ከተረሳበት ቆፍሮ የሚያወጣ ምሁር ነው። በዘመኑ ፓሪስ ኦፔራ ኦፔራ ስትል፣ እሱ ልጆቹን በኅብረ ዝማሬ፣ ኖታን በማንበብና ቃልን አጥርቶ በመናገር ያሳድጋቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚተዳደረው በመንግሥት ገንዘብ ስለነበር ከ1830ው አብዮት በኋላ ድጎማው ሲቀነስ ተዳከመ። ሾሮንም በ1834 ሞተ።

ከዚያ ቤት የወጣ ልጅ በቅድሚያ የሚያውቀው ሙዚቃን ነው። ሐረግ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ፣ የትኛው ቃል ክብደት እንደሚሸከም ያውቃል። ድምፁ ትልቅ ይሁን ትንሽ ኋላ የሚታይ ነገር ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ዱፕሬ በ1825 ፓሪስ ባለው የኦዴዮን ቲያትር መድረክ ላይ ወጣ። የተሰጠው ሚና በሮሲኒ የሴቪል ፀጉር አስተካካይ ኦፔራ ውስጥ ያለው ወጣቱ ቆንት ነበር። ድምፁ ቀላልና ትንሽ ነበር፤ አዳራሹን አይሞላም። ሰው አልጠላውም፣ ግን ልብ ብሎም አላየውም። ሦስት ዓመት እንዲሁ ቆይቶ በ1828 ዘፋኝ ከሆነችው ባለቤቱ ጋር ወደ ኢጣሊያ ሄደ።

ለሙዚቃው ቋንቋ እንግዳ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር ላብራራ። ወንድ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ ቢያደርግ ንዝረት ይሰማዋል፤ ይህን የደረት ድምፅ እንላለን። ከፍ እያለ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይቀጥናል፣ ንዝረቱም ወደ ፊትና ወደ ራስ ይሸሻል፤ ይህ የራስ ድምፅ ነው። በዱፕሬ ወጣትነት የነበሩ የፈረንሳይ ቴነሮች ከፍ ያሉትን ኖታዎች በራስ ድምፅ ወይም ሁለቱን በማዋሃድ ይዘፍኗቸው ነበር። ለስላሳ፣ ጥሩ መዓዛ እንዳለው ነገር የሚንሳፈፍ ድምፅ ነው። ታዳሚው የሚጠብቀው ያንን ነበር፤ ደራሲዎቹም የሚጽፉት ያንን አስበው ነው።

የተወሰደው እርምጃ፦ ኢጣሊያ

ኢጣሊያ ውስጥ ዱፕሬ ሌላ ዓይነት ቴነር ሰማ። እንደ ዶሜኒኮ ዶንዜሊ ያሉት ዘፋኞች ወፈርና ጠቆር ያለ፣ ወደ ባሪቶን፣ ማለትም ከቴነር ዝቅ ወዳለው የወንድ ድምፅ፣ የሚጠጋ ድምፅ ነበራቸው። ዱፕሬ በዚያው አገር መድረኮች ላይ ዓመታት እየሠራ ድምፁ ቀስ በቀስ ሰፋ፣ ከበደ። ይህ በአንድ ሌሊት የሆነ አይደለም፤ ከ1828 እስከ 1831 ድረስ ሦስት ዓመት ወስዷል፤ የጀመረውም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለ ነው።

በ1831 መኸር ሉካ በምትባለው ከተማ የሮሲኒ ጊዮም ቴል ለመጀመሪያ ጊዜ በኢጣሊያ ሲቀርብ የአርኖልድን ሚና ያዘ። አርኖልድ እጅግ ከባድ የቴነር ሚና ነው፤ ከፍተኛው ዶ ደጋግሞ ይመጣበታል። ኦፔራው በ1829 ፓሪስ ላይ ሲመረቅ ሚናውን የዘፈነው አዶልፍ ኑሪ ነበር፤ ኖታዎቹን ያወጣቸውም በለስላሳው የራስ ድምፅ ነው። ዱፕሬ ሉካ ላይ ያንን ዶ በደረት ድምፅ አወጣው። በ1880 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ላይ፣ ለዚያች ቅጽበት የአካሉንና የመንፈሱን ኃይል ሁሉ እንዳሰባሰበ፣ ቢፈነዳ እንኳ ኖታዋ ላይ ለመድረስ እንደቆረጠ ይተርካል።

ይህን አገላለጽ ባነበብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ። ቢፈነዳ እንኳ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ድምፁን የጎዳ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ዱፕሬ በኢጣሊያ ተፈላጊ ሆነ። የኦፔራ ደራሲው ዶኒዜቲ አዳዲስ ሚናዎች ጻፈለት። ከሁሉ የታወቀው በ1835 መስከረም ኔፕልስ ላይ በተመረቀው ሉቺያ ዲ ላመርሙር ውስጥ ያለው ኤድጋርዶ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ቴነሮች የሚዘፍኑት የዚያ ኦፔራ የመጨረሻ ትዕይንት የተጻፈው ለእሱ ጉሮሮ ነው።

ችግሩ ወደ ፓሪስ ሲመጣ

የፓሪስ ኦፔራ ዱፕሬን በዋና ቴነርነት ሊቀጥረው ወሰነ። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። ኑሪ ከአሥር ዓመት በላይ የቤቱ ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል። የሮበርት ለ ዲያብል፣ የላ ዡዊቭና የሌ ዩግኖ ኦፔራዎች ዋና የቴነር ሚናዎች መጀመሪያ በእሱ ድምፅ ነው የተሰሙት። በኮንሰርቫቷር፣ በፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ያስተምር ነበር፤ ታዋቂዋ ሶፕራኖ (ከፍ ያለ ድምፅ ያላት ሴት ዘፋኝ) ኮርኔሊ ፋልኮን የእሱ ተማሪ ናት። የተማረና የሚያነብ፣ ደራሲዎች ምክሩን የሚጠይቁት ሰው ነበር።

ማዕረጉን ከሌላ ቴነር ጋር እንዲካፈል መወሰኑን ሲሰማ ሥራውን ለቀቀ። የስንብት ምሽቱ ሚያዝያ 1 ቀን 1837 ነበር። ሚያዝያ 17 ቀን ዱፕሬ በዚያው መድረክ ላይ በዚያው በጊዮም ቴል ወጣ። በሁለቱ ምሽቶች መካከል ያለው አሥራ ስድስት ቀን ብቻ ነው።

አዳራሹ በለ ፔለቲዬ ጎዳና የነበረው ሰፊው የኦፔራ ቤት ነው። ኦርኬስትራው ከባድ ነበር፤ በዚያ ዘመን የሚወደዱት ባለ አምስት ክፍል ኦፔራዎችም ረጃጅም ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አንድ ቴነር ከፍተኛውን ዶ ወፍራም አድርጎ ሲለቀው ምን ሊፈጠር እንደሚችል መገመት ይቻላል። ፓሪስ አበደች። ራሱ ሮሲኒ ግን አልወደደውም፤ ድምፁን አንገቱ እየተቆረጠ ከሚጮህ ዶሮ ጋር እንዳመሳሰለው ይነገራል። የሙዚቃው ደራሲ ኖታዋን የጻፈው ለሌላ ዓይነት ድምፅ ስለነበር ቅሬታው የሚገባ ነው። ታዳሚው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም።

ያልሠራው፦ የኑሪ ሙከራ

ኑሪ ፓሪስን ሲለቅ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። በፈረንሳይ ከተሞች እየዞረ ለመዝፈን ሞከረ፤ ማርሴይ ላይ ድምፁ ዘጋበትና ተስፋ መቁረጥ ያዘው። በ1838 ወደ ኔፕልስ፣ ወደ ዶኒዜቲ ሄደ። ዓላማው አንድ ነበር፤ ዱፕሬ በኢጣሊያ ያገኘውን ድምፅ እሱም ማግኘት።

ዶኒዜቲ በቅንነት ረዳው። በአፍንጫ የሚወጣውን የፈረንሳይኛ ጠባይ እንዲተውና ድምፁን እንዲያከብድ አብረው ሠሩ። እንዲያውም ለእሱ ብሎ ፖሊዩቶ የተባለ አዲስ ኦፔራ ጻፈ። ርእሰ ጉዳዩ የአንድ ክርስቲያን ሰማዕት ታሪክ ስለነበር የኔፕልስ ንጉሥ ቅዱስ ነገር መድረክ ላይ አይወጣም ብሎ ከለከለው። ኑሪ ወደ መድረክ ሊመለስበት የተዘጋጀው በር ተዘጋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሌላ ኦፔራ፣ በመርካዳንቴ ኢል ጁራሜንቶ፣ ወጥቶ ዘፈነ፤ ታዳሚው አጨበጨበለት። እሱ ግን ጭብጨባውን አላመነውም።

ሥልጠናው ከፊሉ ተሳክቷል ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ወፍሯል። ነገር ግን ወፍራሙን ሲያገኝ ለስላሳውን አጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ፓሪስን የማረከበት፣ ቃልን እንደ ሐር ክር የሚያሳልፍበት የራስ ድምፁ ሊመለስለት አልቻለም። አዲሱን ሳይጨብጥ አሮጌው ከእጁ ወጣ። መጋቢት 8 ቀን 1839፣ ሠላሳ ሰባተኛ ዓመቱን በያዘ በአምስተኛው ቀን፣ ኔፕልስ ውስጥ ራሱን አጠፋ። አስከሬኑ ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ማርሴይ ላይ በተደረገለት ጸሎት ኦርጋን የተጫወተው የሙዚቃ ደራሲው ሾፓን ነበር።

የታገደው ኦፔራ በ1840 ተስተካክሎ፣ ሌ ማርቲር በሚል ስም ፓሪስ ላይ ቀረበ። ለኑሪ የተጻፈውን ሚና የዘፈነው ዱፕሬ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ተገቢ ይመስለኛል። ኑሪን የገደለው ኖታዋ ናት የሚለውን አልቀበልም፤ የሰው ሐዘን በአንድ ኖታ አይለካም። በድምፅ ሥልጠና በኩል ግን ስህተቱ ግልጽ ነው። ዱፕሬ ለውጡን የጀመረው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ማንም በማይጠብቀው ቦታ፣ የሚያጣው ነገር ሳይኖረው ነው። ኑሪ የጀመረው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ያደገበት የድምፅ ልማድ ከሥጋው ጋር ተዋህዶ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በቆሰለ ልብ ነው። ኖታዋ አንድ ናት፣ መንገዱ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ድምፁ ምን እየሆነ ነበር

በዘመኑ ሕያው ሰው ሲዘፍን ማንቁርቱን ያየ ማንም አልነበረም። ቢሆንም ጉዳዩ ሐኪሞችን አነቃቃ። በ1840 ሁለት የሊዮን ሐኪሞች ስለዚህ አዲስ፣ ጥላ ያረፈበት ስላሉት ድምፅ ጥናት አቀረቡ። ዋናው ግኝታቸው ዘፋኙ ወደ ላይ ሲወጣ ማንቁርቱ አብሮ አይወጣም፣ ዝቅ ብሎ ይቆያል የሚል ነው። በዚያው ዓመት የድምፅ መምህሩ ማኑኤል ጋርሲያ ስለ ሰው ድምፅ ያዘጋጀውን ጥናት ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ ይህ አዘፋፈን ለእሱ አዲስ እንዳልሆነ፣ ቀደም ብሎ ያስተምረው እንደነበርም ተከራከረ። የጋርሲያ አባት የኑሪ የዘፈን መምህር ነበሩ። ዓለም ጠባብ ናት። ጋርሲያ በ1854 በትንሽ መስታወት የራሱን የድምፅ አውታሮች ለማየት ቻለ፤ ያየውንም በማግስቱ ዓመት ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አስታወቀ።

በዛሬው ቋንቋ ብናስረዳው ከፍተኛው ዶ በአሁኑ ቅኝት በሰከንድ 523 ያህል ንዝረት ነው፤ የድምፅ አውታሮቹ በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ ይገጥማሉ ይከፈታሉ። በራስ ድምፅ ሲዘፈን አውታሮቹ ቀጥነውና ተወጥረው ጠርዛቸው ብቻ ይነካካል። በደረት ድምፅ ሲሆን ወፈር ብለው በሰፊው ይጋጠማሉ፤ ከሥር የሚገፋው የትንፋሽ ኃይልም ይጨምራል። ማንቁርቱ ዝቅ ብሎ አናባቢው ጠቆር ካላለ ኖታው ጩኸት ይሆናል። አ ወደ ኦ ጠጋ፣ ኤ ወደ እ ጠጋ ማለት አለበት። ዱፕሬ ያገኘው ቅንብር ይህ ነው፤ ጉልበት ብቻ አልነበረም። የሰሙት ሰዎች ጉልበቱን እንጂ ቅንብሩን አልሰሙም።

የራሱ ድምፅ ሲደክም

የዱፕሬ የፓሪስ ድል ረጅም አልነበረም። በ1838 በቤርሊዮዝ ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ዋናውን ሚና ወሰደና ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ተወው። በ1840 በዶኒዜቲ ላ ፋቮሪት፣ በ1843 በዶም ሴባስቲያን አዳዲስ ሚናዎችን አስመረቀ። በ1847 ቬርዲ ለፓሪስ ኦፔራ ባዘጋጀው የመጀመሪያ ሥራ፣ በዤሩዛሌም፣ ዘፈነ፤ ያን ጊዜ ግን ድምፁ እንደ ቀድሞው አልነበረም። በ1849 አርባ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ኦፔራውን ተሰናበተ። ከ1837 ቢቆጠር አሥራ ሁለት ዓመት ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በዶዋ ላይ ያሳርፋል። እኔ እንዲህ አላይም። አንዲት ኖታ፣ በምሽት ጥቂት ጊዜ ብትወጣ፣ በአግባቡ የተያዘ ጉሮሮ አትሰብርም። የሚሰብረው በኖታዋ ዙሪያ ያለው ሸክም ነው። ታዳሚው ጊዮም ቴልን ብቻ አይደለም በዚያ ድምፅ መስማት የፈለገው፤ ለኑሪ የተጻፉትን ረጃጅም ሚናዎችም ነው። ለራስ ድምፅ ተብለው የተጻፉ ሐረጎች ሁሉ በወፍራም ድምፅ መዘፈን ጀመሩ፤ ሳምንት ከሳምንት። ከዚያ ላይ የኦርኬስትራዎቹ ቅኝት ከዓመት ወደ ዓመት እየወጣ ነበር። የዘፋኞች ምሬት ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተጨምሮ በ1859 የፈረንሳይ መንግሥት ኦርኬስትራ የሚቃኝባትን ላ የተባለች ኖታ በሰከንድ 435 ንዝረት ላይ በሕግ እስኪወስን ድረስ ማለት ነው። ቅኝት ሲወጣ ቴነሩ ያንኑ ኖታ እየዘፈነ ከፍ ወዳለ ቦታ ይገፋል።

ስለዚህ ይህን ክፍል ለተማሪ ስነግር ስለ ዶዋ ማስጠንቀቂያ አድርጌ አልነግርም። በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ቁልፍ ትዘፍናለህ ብዬ ለመጠየቅ መግቢያ አድርጌ እነግረዋለሁ እንጂ።

የሠራው፦ መምህሩ ዱፕሬ

ዱፕሬ ማስተማር የጀመረው ገና መድረክ ላይ እያለ ነው። ከ1842 እስከ 1850 በፓሪስ ኮንሰርቫቷር አስተማረ፤ በመካከሉ ስለ ዘፈን ጥበብ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በ1853 የራሱን የዘፈን ትምህርት ቤት ከፈተ። ኦፔራም ደርሷል፤ በደራሲነቱ ግን እንደ ዘፋኝነቱ አልተሳካለትም።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ እንምጣ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። የደረት ዶ አባት የሚባል ሰው ምን ዓይነት ተማሪዎች ያወጣል ተብሎ ይጠበቃል? ደረታቸው የሰፋ፣ ድምፃቸው የከበደ ቴነሮች። ስማቸው ከእሱ ስም ጋር አብሮ የሚነሣው ግን በአመዛኙ ሴቶች ናቸው፤ ለዚያውም ቀላልና ፈጣን ድምፅ ያላቸው ሶፕራኖዎች።

የመጀመሪያዋ ካሮሊን ሚዮላን ናት። ማርሴይ ተወልዳ በኮንሰርቫቷር ከዱፕሬ ጋር ተማረች፤ በ1847 የአንደኝነት ሽልማት አገኘች። ድምፅዋ ትልቅ አልነበረም። ጥራቱ፣ ቅልጥፍናውና የሐረግ አያያዟ ግን የሚያስገርም ነበር። ዱፕሬ በ1849 በስንብት ምሽቱ ላይ መድረክ ላይ አብራው እንድትወጣ አደረገ። በኋላ ሚዮላን-ካርቫሎ ተብላ በጉኖ ሥራዎች ነገሠች፤ በ1859 የፋውስትን ማርግሪት፣ በ1864 ሚሬይን፣ በ1867 ዡልየትን መጀመሪያ የዘፈነችው እሷ ናት። ከመድረክ የወረደችው በ1885 ነው። መምህሯ በፓሪስ ኦፔራ አሥራ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ተማሪዋ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ዘፈነች።

ሁለተኛዋ የገዛ ልጁ ካሮሊን ዱፕሬ ናት። ኢጣሊያ እያሉ በ1832 ፍሎረንስ ላይ የተወለደች፣ በአባቷ እጅ የሠለጠነች ሶፕራኖ ነበረች። በ1854 የማየርቤርን ሌትዋል ዱ ኖር ዋና የሴት ሚና በኦፔራ ኮሚክ መጀመሪያ የዘፈነችው እሷ ናት። ዕድሜዋ አጭር ሆነ፤ በ1875 አባቷን ቀድማ ሞተች። ሦስተኛዋ ካናዳዊቷ ኤማ አልባኒ፣ በ1860ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ላይ ከእሱ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ተምራ ወደ ሚላን የሄደችና ኋላ በለንደን የከበረች ዘፋኝ ናት።

ታዲያ ምን አስተማራቸው? ለሴት ልጅ ቀላል ድምፅ የደረት ዶ አይሰጥም። የሰጣቸው ከሾሮን ቤት ይዞት የወጣውን ነው ብዬ አምናለሁ። ዱፕሬ ራሱ መድረክ ላይ ሲወጣ አዋቂዎች የሚያደንቁለት ሬቺታቲቩን፣ ማለትም በዜማና በንግግር መካከል ያለውን ክፍል፣ ሰፋ አድርጎ፣ ቃሉን አክብሮ የሚያቀርብበትን መንገድ ነበር። ተራው ታዳሚ ዶዋን ይጠብቃል፤ ጆሮ ያለው ሰው ከዶዋ በፊት ያለውን ያዳምጣል። ይህ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። የራሱ ጉሮሮ ግን ከእሱ ጋር የተፈጠረ ነው፤ ለማንም ሊያወርሰው አይችልም። ይህን ለይቶ ማወቁ፣ ተማሪዎቹንም በራሱ አምሳል ለመቅረጽ አለመታገሉ፣ ከዶዋ ይበልጥ የማከብርለት ነገር ነው።

ለሥልጠና የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ ወስጄ በሥራዬ ላይ የማውላቸው ነገሮች አሉ። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም።

ዋናው የተማሪን ያለፈ ታሪክ መጠየቅ ነው። ስንት ዓመት ዘፈነ? በየትኛው ድምፅ ነው ሰው የሚያውቀው? አሁን ለምን መለወጥ ፈለገ? አንድ ወጣት ከጓደኛው ጋር ሲወዳደር ስለተሸነፈ ድምፁን ላክብድ ካለኝ በዚያ ሳምንት ምንም አላስጀምረውም። የኑሪ ነገር ትዝ ይለኛል። ከቁስል የተነሣ ለውጥ ትዕግሥት የለውም፤ የድምፅ ጡንቻ ደግሞ ከትዕግሥት ውጭ ምንም አይገባውም። በሃያ ዓመቱ የመጣና በሠላሳ አምስት ዓመቱ የመጣ ሰው አንድ ልምምድ አይሰጣቸውም።

ሌላው ቁልፍ ነው። በልምምድ ላይ የምናየው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው የዝነኛውን መዝሙር ወይም ዘፈን በዝነኛው ቁልፍ ካልዘፈንኩ ከማለት ነው። አንድ ቶን ተኩል ዝቅ ማድረግ ውርደት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሮሲኒ ያንን ዶ የጻፈው ለኑሪ ለስላሳ ድምፅ ነበር፤ በሌላ ድምፅ ሲዘፈን ሌላ ሥራ ሆነ። ሙዚቃ ለጉሮሮ ተብሎ ይሰፋል፤ ካልሆነ እንደገና ይለካል። ስለ ሳምንቱ ሸክምም እንዲሁ ነው፤ ዓርብ ማታ አዳር ልምምድ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ጠዋት አገልግሎት የሚዘፍን ልጅ ሰኞ ጎርነን ቢል ጥፋቱን በአንድ ኖታ ላይ መፈለግ የለበትም።

ለአሠልጣኞች ደግሞ፣ ለራሴም ጭምር፣ የሚከብደው የዱፕሬ ሁለተኛ ሕይወት ነው። የሚታወቁበትን ነገር ለማስተማር መጓጓት ያለ ነው። ተማሪውም የሚመጣው ያንኑ ፈልጎ ነው። ነገር ግን የምታወቅበት ነገር የጉሮሮዬ ስጦታ ነው ወይስ የተማርኩት? የተማርኩትን ብቻ ነው ማስተማር የምችለው። እኔ ራሴ ከፍ ያሉ ኖታዎች በቀላሉ ስለሚወጡልኝ ለብዙ ጊዜ ለሌላው እንዴት እንደሚወጡ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ፈልጌ ያገኘሁት ትንፋሽና ቃል ነው፤ ተማሪዎቼም የተሻሻሉት በእነዚያ ነው።

ከፍ ያለ ኖታ በሙሉ ድምፅ እንዲያወጣ ላሠለጥነው የተቀበልኩት ተማሪ ሲኖር አንድ መፈተኛ አለኝ፤ የድሮ የኢጣሊያ መምህራን ልምምድ ነው። በምቹ ቦታ ያለ አንድ ኖታ በጣም በለስላሳ ይጀመራል፣ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ እስከ ሙሉ ድምፅ ደርሶ ሳይሰበር ወደ ለስላሳው ይመለሳል። ሜሳ ዲ ቮቼ ይሉታል። በየሳምንቱ ከልምምድ በፊት ይህን አሠራዋለሁ፤ በስልክም እቀዳዋለሁ። ወፍራሙ ድምፅ እየጨመረ ለስላሳው በቦታው ካለ እንቀጥላለን። ወፍራሙ ጨምሮ ወደ ለስላሳው የሚመለሰው ጭራ ከተሰነጠቀ፣ ወይም አየር ብቻ ከሆነ፣ የጀመርነውን አቆማለሁ፤ ተማሪው ቢከፋም፣ ኖታዋ ያን ቀን አምራ ወጥታ ቢሆንም። ኑሪ ኔፕልስ ላይ ያጣው ያንን ጭራ ነው።